አባቴ ቶሎ ቶሎ የሚታመሙት ከባትሪው ሥራ የተነሳ ይሆን?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዬ ቢረዝም ይቅርታ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። አባቴ 69 ዓመታቸው ነው። ከ30 ዓመት በላይ የመኪና ባትሪ ሲጠግኑ ኖረዋል። የሚሠሩት እዚሁ ግቢያችን ውስጥ፣ ከሰርቪስ ቤቱ አጠገብ በቆርቆሮ በሠሯት መጠለያ ነበር። አሮጌ ባትሪ ይፈታሉ፣ አሲዱን ይደፋሉ፣ እርሳሱን አቅልጠው እንደገና ቅርጽ ያወጡለታል። እኔና ወንድሜ ያደግነውም የተማርነውም በዚያ ሥራ ነው። ካቆሙ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል።

ባለፉት ሁለት ዓመታት ግን አንዱ በሽታ ሲለቃቸው ሌላው ይይዛቸዋል። ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ተኝተዋል። ዘንድሮ ደግሞ አልማዝ ባለጭራ ወጣባቸው። ጉንፋን ከያዛቸው ወር ሙሉ አይለቃቸውም። ሐኪም ቤት በሄድን ቁጥር «እርጅና ነው» እያሉ መድኃኒት ሰጥተው ይሸኙናል። ምን ሲሠሩ እንደኖሩ የጠየቀን ሰው የለም።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ ኢንተርኔት ላይ አንብቦ «የእርሳስ መርዝ ነው፤ የመከላከል አቅማቸውን የጨረሰው እሱ ነው» ብሎ ደምድሟል። ከሰውነት መርዝ ያወጣል የተባለ ጠብታና በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የሸክላ አፈር ዱቄት በሰው ልኮላቸዋል። አባቴ ደግሞ የሥራቸው ነገር ሲነሳ ይቆጣሉ። «ሠላሳ ዓመት ስሠራው ምንም ያላደረገኝ፣ ዛሬ ቤቴ ቁጭ ባልኩበት ይመርዘኛል?» ይላሉ። እናቴ «ተይ፣ አታስከፊያቸው» እያለች ትለምነኛለች። እሷም 63 ዓመቷ ነው። የሥራ ልብሳቸውን በእጇ ስታጥብ የኖረችው እሷ ናት።

ሌላም ጭንቀት አለብኝ። የሁለት ዓመት ተኩል ልጄ ሥራ ስሄድ የሚውለው እነሱ ጋ ነው። ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ አፈር ሲያቦካ ይውላል። ለአባቴ ምን ልበላቸው? ወንድሜ የላከውንስ ልስጣቸው?

ልጃቸው ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

በአንድ በኩል የአባትሽ ሕመም፣ በሌላ በኩል የእናትሽ ልመና፣ ከዚያ ደግሞ የወንድምሽ ግፊት። ይህን ሁሉ ተሸክመሽ ነው ሥራ የምትውይው። ስለዚህ ሊያድሩ የማይገባቸውን ሁለት ነገሮች አስቀድሜ ልንገርሽ። ወንድምሽ የላከውን ጠብታና ዱቄት አትስጫቸው። ልጅሽ ደግሞ ከነገ ጀምሮ አባትሽ ይሠሩበት የነበረው ቦታ አካባቢ አይጫወት። ምክንያቱን ከታች እነግርሻለሁ።

አባትሽ የጠየቁት ጥያቄ ቀላል አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጤነኛ የነበረ ሰው ሥራውን ካቆመ በኋላ እንዴት ይጎዳዋል? መልሱ ያለው አጥንት ውስጥ ነው። ሰውነታችን እርሳስን ከካልሲየም ጋር ያምታታዋል። ስለዚህ ወስዶ አጥንት ውስጥ ያከማቸዋል። በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው እዚያ ነው። ደም ውስጥ ያለው በወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። አጥንት ውስጥ የገባው ግን አሥርተ ዓመታት ይቆያል። ዕድሜ ሲገፋ አጥንት ይሳሳል፤ ሲሳሳ ያስቀመጠውን እርሳስ ቀስ በቀስ ወደ ደም ይመልሰዋል። ሰው ታሞ ለሳምንታት ሲተኛ፣ ወይም ወድቆ ሲሰበር ደግሞ ይህ ይፋጠናል። ስለዚህ አባትሽ ሥራውን ቢያቆሙም እርሳሱ ጨርሶ አልተለያቸውም። ያኔ «ምንም አላደረገኝም» ያሉትም ውሸት አይደለም። ጎልማሳ ሰውነት ብዙ ይችላል።

አሁን ደግሞ ያንን የሚችል ሰውነት እንየው። ከደረታችን አጥንት ጀርባ ታይመስ የሚባል ትንሽ ዕጢ አለ። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በሽታን መለየት የሚማሩት እዚያ ነው። ይህ ዕጢ ከጉርምስና በኋላ እየሟሸሸ ይሄዳል፣ ቦታውንም ስብ ይይዘዋል። 70 ዓመት ገደማ ላይ የሚወጡት አዳዲስ ሕዋሳት በጣም ጥቂት ናቸው። ሰውነት በአብዛኛው የሚመካው ድሮ ያያቸውን በሽታዎች በሚያስታውሱት በነባሮቹ ነው። እነሱም ይደክማሉ። አልማዝ ባለጭራ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። በልጅነት ጉድፍ ያስያዘን ቫይረስ ከዚያ በኋላ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፣ ቲ ሴሎቹም ይጠብቁታል። ጠባቂዎቹ ሲሳሱ ይወጣል። ባትሪ ነክተው የማያውቁ ብዙ አረጋውያንም ይይዛቸዋል።

ሌላም ለውጥ አለ። በእርጅና ዘመን ሰውነት በሽታ ሳይኖርም በውስጡ ትንሽ ትንሽ ይቆጣል። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ክላውዲዮ ፍራንቼስኪና ባልደረቦቹ በፈረንጆቹ 2000 ለዚህ ነገር ስም ካወጡለት ወዲህ በሰፊው ይጠናል። ነበልባል ሳይኖረው ከሥር እንደሚጨስ እርጥብ ማገዶ አስቢው። የማያቋርጠው ጭስ የደም ሥሩንም ኩላሊቱንም ያደክማል፤ እውነተኛ ጀርም ሲመጣ ግን ሰውነት እንደ ድሮው ፈጥኖ አይነሳም።

እርሳስ የሚገባው እዚህ መሃል ነው። እሱም በዚያው አቅጣጫ ይገፋል። ያንን የውስጥ ቁጣ ያባብሳል። ጀርምን የሚውጡት ሕዋሳት እንደ ልብ ተንቀሳቅሰው እንዳይገድሉ ያደርጋል፤ ይህ ከእርሳስ ጋር በሚሠሩ ሰዎች ደም ላይ ጭምር ታይቷል። ዚንክ በሚያስፈልግበት የሕዋስ ሥራ ውስጥ ገብቶ የዚንክን ቦታ ይይዛል፤ ዚንክ ደግሞ በእርጅና ጊዜ ብዙ ሰው የሚያንሰው ነገር ነው። በፈረንጆቹ 1971 በታተመ ሙከራ እርሳስ የተሰጣቸው አይጦች ሌሎቹ በቀላሉ በተቋቋሙት የሳልሞኔላ መጠን በብዛት ሞተዋል። የወንድምሽ ጥርጣሬ እንግዲህ ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም።

ድምዳሜው ግን ቸኩሏል። አይጥ ላይ የታየ ነገር የአባትሽን የሳንባ ምች አያስረዳም። በሰው ላይ ያለው ማስረጃ የሚናገረው በአብዛኛው ስለ ግንኙነት ነው። በአሜሪካ አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ ውስጥ ደማቸው ውስጥ እርሳስ የበዛባቸው ሰዎች እንደ ሄፓታይተስ ቢና የጨጓራ ባክቴሪያ ያሉ ኢንፌክሽኖችም በብዛት ተገኝተውባቸዋል። ይሁን እንጂ ድህነትና የተጨናነቀ ኑሮ ሁለቱንም ያመጣሉ፤ የትኛው የትኛውን እንዳስከተለ ከዚያ ብቻ መለየት አይቻልም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። «እርሳስ ነው» ብላችሁ ብትቀመጡ በቀላሉ የሚታከም በሽታ ሊያመልጣችሁ ይችላል።

እህቴ፣ «እርጅና ነው» የምርመራ ውጤት አይደለም። አንድ ሰው በሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች ይዞት፣ በላዩ ላይ አልማዝ ባለጭራ ከወጣበት፣ ሊታዩ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። የአክታ ምርመራ ተደርጎላቸው ቲቢ እንደሌለባቸው ተረጋግጧል? የመጨረሻው የሳንባ ምች ከዳነ በኋላ ራጅ ተደግሟል? ስኳራቸውስ መቼ ተለካ? አልማዝ ባለጭራ ለወጣበት ሰው የኤችአይቪ ምርመራ በማንኛውም ዕድሜ የተለመደ ነው፤ ሐኪሙ ቢያነሳው አትደንግጡ። ጠቅላላ የደም ምርመራ፣ የኩላሊት ምርመራና የደም ግፊትም ይታይ። እነዚህ ሦስቱ እርሳስ የሚጎዳቸውን ነገሮችም ያሳያሉ፤ ደም ማነስ፣ የኩላሊት ድካምና የግፊት መጨመር እርሳስ ከሚያመጣቸው ጉዳቶች መካከል ናቸው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ እስኪጠይቅ አትጠብቂ። ገና ስትቀመጡ እንዲህ በይው፦ «አባቴ ከ30 ዓመት በላይ የመኪና ባትሪ ሲፈቱና እርሳስ ሲያቀልጡ ኖረዋል። ካቆሙ ስምንት ዓመታቸው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች፣ አንድ ጊዜ አልማዝ ባለጭራ ይዟቸዋል። የደም እርሳስ መጠናቸው እንዲለካ እንፈልጋለን።» ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢው። ምርመራው የሚደረገው ከደም ሥር በሚቀዳ ደም ነው። በየቦታው አይገኝም። ናሙና ውጭ አገር ልኮ የሚያስመረምር የግል ላብራቶሪ ካለ ሐኪሙን ጠይቂ። በፀጉር ወይም በጥፍር እንለካለን የሚል ካጋጠመሽ ገንዘብሽን አታውጪ።

ውጤቱ ሲመጣ ሁለት ነገር ልብ በይ። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2021 ባወጣው መመሪያ መሠረት በአንድ ዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራምና ከዚያ በላይ ከተገኘ ምንጩ ተፈልጎ መወገድ አለበት። ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ቢገኝ አጥንታቸው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። የደም ምርመራ የሚያሳየው አሁን የሚዘዋወረውን ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ ከፍ ብሎ ከተገኘ ወይ ከአጥንት እየወጣ ነው፣ ወይ ግቢው ውስጥ ዛሬም የሚነኩት ነገር አለ።

ወደ ወንድምሽ ጥቅል እንምጣ። እርሳስን ከደም ለማውጣት የሚረዱ እውነተኛ መድኃኒቶች አሉ። በሐኪም ክትትል የሚሰጡት መጠኑ በጣም ከፍ ሲል ወይም የመመረዝ ምልክት በግልጽ ሲታይ ነው። ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ሰውነት የሚፈልጋቸውን ማዕድናትም አብረው ጠርገው ይወስዳሉ። በአሜሪካ በፈረንጆቹ 2003 እና 2005 መካከል ሦስት ሰዎች በእንዲህ ዓይነት ሕክምና ወቅት ካልሲየማቸው ወርዶ ሞተዋል። አጥንት ውስጥ ያለውን ደግሞ ብዙም አይነኩትም፤ ከደም ሲያወጡት አጥንት መልሶ ይተካዋል። እንግዲህ እውነተኛው መድኃኒት እንኳ እንዲህ ነው። ወንድምሽ በላከው ጠብታ ውስጥ ደግሞ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ሸክላውማ ጭራሽ የባሰ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በፈረንጆቹ 2016 ለጤና ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ የሸክላ ዱቄቶች ራሳቸው እርሳስ እንዳለባቸው አስጠንቅቋል። ወንድምሽ ይህን ያደረገው ከሩቅ ሆኖ አባቱ ሲታመሙበት ዝም ማለት አቅቶት ነው። ሩቅ አገር ያለ ልጅ ጭንቀት ቀላል አይደለም። አትቆጪው። «ጥርጣሬህ ትክክል ነው፣ መንገዱ ግን እሱ አይደለም» በይውና ገንዘቡን ለምርመራው ይላክ። ይህ በእርግጥ የሚጠቅም እርዳታ ነው።

አሁን የልጅሽን ነገር በደንብ እንነጋገር። የአባትሽ ሕመም ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ይህኛው አይጠብቅም። ትንሽ ልጅ ከዋጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው ከአዋቂ 4 እስከ 5 እጥፍ ነው። አእምሮው ገና እየተሠራ ስለሆነ ጉዳቱም አይመለስም። እርሳስ ደግሞ አፈር ውስጥ አይበሰብስም፣ አይተንም። ሴኔጋል ውስጥ ዳካር ዳርቻ ቲያሮይ በሚባል ሰፈር፣ በፈረንጆቹ 2007 መጨረሻና 2008 መጀመሪያ 18 ሕፃናት ሞተዋል። ባትሪ ሲፈታበት የነበረ መሬትና አቧራው ነው የገደላቸው። የእናንተ ግቢ እንደዚያ ነው እያልኩሽ አይደለም። እዚያ ሰው አፈሩን እየቆፈረ ያበጥር ነበር። ግን ምንጩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ልጁን ሳታዘገዪ አስመርምሪው። የደም ማነስ ካለበትም ይታይ፤ ብረት የሚያንሰው ልጅ እርሳስን ይበልጥ ወደ ሰውነቱ ያስገባል። ቁጥሩ 45 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በመድኃኒት ይታከማል። ከዚያ በታች ከሆነ ዋናው ሕክምና ከምንጩ መለየት ነው።

ግቢውን ራሳችሁ መቆፈር ወይም መጥረግ አትጀምሩ፤ አቧራው ይነሳል። የተሠራበትን ቦታና ዙሪያውን በሲሚንቶ ማስለበጥ፣ ካልተቻለም ከሌላ ቦታ በመጣ ንጹሕ አፈር በደንብ ማልበስ ይሻላል። መጠለያው ውስጥ የቀሩ የባትሪ ሳህኖች፣ ማቅለጫና የሥራ ልብስ ካሉ ልጁ ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጡ፤ በምንም መንገድ አይቃጠሉ። ቤቱ በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳ፣ ጫማ በር ላይ ይውለቅ፣ ልጁ ከመብላቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ። እናትሽ ዶሮ ያረባሉ? ግቢ ውስጥ የሚጭሩ ዶሮዎች እርሳሱን ከአፈሩ ይለቅማሉ፣ ወደ እንቁላሉም ይገባል። ጓሮ ውስጥ ጎመን ተተክሎ ከሆነም ለጊዜው መብላቱ ይቅር። ለልጅ ልጃቸው ብለው የሚያበስሉትን እንቁላል «አትስጡት» ማለት ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። እስከ ምርመራው ድረስ ብቻ በያቸው።

እናትሽንም አትርሺ። ሠላሳ ዓመት የአባትሽን የሥራ ልብስ ያጠበ ሰው አቧራውን አብሮ ተንፍሷል። ሴቶች የወር አበባ ካቆሙ በኋላ አጥንታቸው በፍጥነት ስለሚሳሳ በደማቸው ያለው እርሳስ ከፍ እንደሚል ከፈረንጆቹ 1980ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ስለዚህ ምርመራው ለአባትሽ ብቻ ሳይሆን ለሁለቱም ይደረግ። አንቺም እዚያው ግቢ ነው ያደግሽው። ሁለተኛ ልጅ ካሰብሽ ከማርገዝሽ በፊት ተመርመሪ፤ በእርግዝና ጊዜም ከአጥንት ይወጣል።

ከሁሉ የሚከብድሽ ከአባትሽ ጋር መነጋገሩ ይመስለኛል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቁጣቸው ንዴት ነው ወይስ ፍርሃት? ሠላሳ ዓመት ላባቸውን አፍስሰው ልጆች ያሳደጉበት ሥራ «መርዝ» ሲባል የሚሰማቸው ምን ይመስልሻል? ምናልባት ስለ ራሳቸው ጤና ብቻ አይደለም የሚሟገቱት። «ልጆቼንም ጎድቼ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ መጥቶባቸው፣ እሱን ለመሸሽ ይሆናል የሚቆጡት። ስለዚህ ከመርዝ አትጀምሪ። በፎቶ ኮፒ የታጀበ ማስረጃም አታምጪ። ሌላ ሰው በሌለበት፣ ጤንነት በሚሰማቸው ቀን፣ በልጅሽ ጀምሪ። «አባባ፣ ልጁን ላስመረምረው ነው። ግቢውን ከርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። አሲዱን የት የት ይደፉ ነበር? የሚያቀልጡትስ የት ነበር?» በያቸው። ይህን ስልሽ ለዘዴ ብቻ አይደለም። የትኛው መሬት መሸፈን እንዳለበት የሚያውቁት በእውነት እሳቸው ብቻ ናቸው። የልጅ ልጃቸውን የሚጠብቁት እሳቸው ይሁኑ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» ካሉ ደግሞ እውነቱን ንገሪያቸው። በዚያ ዘመን መኪናው የሚነዳበት ቤንዚን ራሱ እርሳስ ነበረበት። ዓለም ከዚያ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ የተላቀቀው በፈረንጆቹ 2021 አልጄሪያ ስታቆም ነው። ለአንድ ባትሪ ጠጋኝ ጓንትና ማስክ አድርግ፣ ልብስህን ለብቻው እጠብ ብሎ የነገረው ማን ነበር? እሳቸው ቤተሰብ ሲያስተዳድሩ ነበር። አንቺም ይህን ስትነግሪያቸው አመስግኚያቸው፤ ከልብሽ ይሁን።

ስለ ዕለት ተዕለት ኑሯቸው ጥቂት ልጨምር። ቢደክማቸውም በየቀኑ በእግራቸው ይንቀሳቀሱ፤ አጥንት የሚጠነክረው በእንቅስቃሴ ነው። መጸዳጃ ቤቱና ደረጃው እንዳያዳልጣቸው አድርጉ። ፕሮቲን፣ ካልሲየምና ዚንክ ያለው ምግብ ያስፈልጋቸዋል። ሁሉንም አጽዋማት ጥብቅ አድርገው የሚጾሙ ከሆነ የነፍስ አባታቸውን አነጋግሪልኝ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለደከመ ሰው ታዝናለች፤ «ብሉ» የሚለውም ከአንቺ አፍ ይልቅ ከነፍስ አባታቸው ቢመጣ ይሰማሉ። ጠበልም ከፈለጉ ይሂዱ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጡ። የሳንባ ምችና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የት እንደሚገኝ ሐኪሙን ጠይቂ። በዚህ ዕድሜ ክትባት እንደ ወጣት ሙሉ አቅም ባይፈጥርም ከባድ ሕመምን ይቀንሳል። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ቤት ውስጥ አያጭስ፤ ትንባሆ ካድሚየም የሚባል ሌላ መርዛማ ብረት አለው።

ሁሉንም በአንድ ሳምንት ልጨርስ አትበይ። ልጁን ከአፈሩ ማራቅና የሁላችሁንም ደም ማስመርመር ይቅደም። የሐኪም ቀጠሮውን ቀን ለወንድምሽ ንገሪውና በስልክ አብሯችሁ ይሁን፤ የሐኪሙን መልስ ከራሱ ከሐኪሙ ይስማ። ውጤቱ ሲደርስ ከፈለግሽ ጻፊልኝ፣ ቁጥሮቹን አብረን እናያቸዋለን።